ቀኑ ያልሞላው ክምር

ሰው ፊት መናገር አልችልም ነበር። አሁንም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አልለቀቀኝም። ሱቅ ስሄድ ባለሱቁ ከሌላ ሰው ጋር እያወራ ከሆነ እስኪጨርስ ቆሜ እጠብቃለሁ፤ ከእኔ በኋላ የመጡ ሦስት ሰዎች ገዝተው ይሄዳሉ። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። አፌን የፈታሁት በሲዳምኛ ስለሆነ አማርኛ ስናገር ቃል ይጠፋኛል፤ ቃል ሲጠፋኝ ሰው የሚስቅብኝ ይመስለኛል። ስለዚህ ዝም ማለትን እመርጥ ነበር። ዝምታ ማንንም አይጎዳም ብዬም አምን ነበር።

የዛሬ ሁለት ዓመት ግን ዝምታዬ አንድ ግድግዳ አስፈረሰ። ዘጠኝ ሴቶችንም ከእንጀራቸው ሊያፈናቅል ትንሽ ቀርቶት ነበር። የምጽፍላችሁ እሱን ነው።

ያኔ ሐይቅ ዳር ባለች ከተማ መናኸሪያ አካባቢ ከአክስቴ ጋር እኖር ነበር። የቀን ሥራ ያገኘሁት ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ላይ በሚሠራ ባለ ሁለት ፎቅ እንግዳ ማረፊያ ነው። የሕንፃው ባለቤት ጋሽ ደምሴ በፊት ፒያሳ የሕንፃ መሣሪያ መደብር የነበራቸው፣ ንግግር የማያበዙ ሰው ናቸው። ሥራውን የምትመራው ኢንጂነር ሄለን ከአዲስ አበባ የመጣች ወጣት ሴት ነበረች፤ ውጭ አገር ተምራ ተመልሳለች ይባላል። ሕንፃው «አረንጓዴ ሕንፃ» እንዲሆን ያሳመነቻቸው እሷ ናት።

መጀመሪያ ቀን ሰብስባ ይህንኑ ስታስረዳን ከዘጠኛችን ሴቶች በዕድሜ ትልቋ እትዬ ወርቄ እጇን አጣጥፋ ሰማቻትና፣

«ቀለሙን እኛ ነን የምንቀባው ወይስ ቀለም ቀቢ ይመጣል?» አለቻት።

ሁላችንም ሳቅን፤ ኢንጂነሯም ሳቀች። ከዚያ አንድ በአንድ ነገረችን። ጡቡ በእሳት አይተኮስም፣ ስለዚህ ለእሱ ተብሎ ዛፍ አይቆረጥም። አፈሩ ከሩቅ አይመጣም። መስኮቶቹ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሳውን ነፋስ እንዲያስገቡ ሆነው ስለሚሠሩ ማቀዝቀዣ አያስፈልግም። የጣሪያው ዝናብ ተጠራቅሞ ለመጸዳጃ ቤት ይውላል። እነዚህ ሁሉ በወረቀት የተጻፈ ደረጃ አላቸው፤ ደረጃውን የሚመዝን ሰው መጥቶ ያያል።

የእኛ ሥራ ጡቡ ነበር። ቀይ አፈር ተነፍቶ ከጥቂት ሲሚንቶ ጋር ይደባለቃል፤ በእጅ በሚጎተት መጭመቂያ ይጨመቃል። የመጭመቂያውን እጀታ የምትጎትተውና ሲሚንቶውን በሳጥን የምትለካው እትዬ ወርቄ ነበረች፤ ዕድሜዋ ከእናቴ ይበልጣል፣ ክንዷ ግን ከወንድ ክንድ አያንስም። የወጣው ጡብ ይከመራል፣ በላስቲክ ይሸፈናል፣ ጠዋትና ማታ ውሃ ይጠጣል። ውሃ የማጠጣው እኔ ነበርኩ።

«ሃያ ስምንት ቀን ሳይሞላው ማንም እንዳያነሳው» አለችን ኢንጂነር ሄለን። ወደ እኔ ዞር ብላም «አንቺ በየክምሩ ላይ የተሠራበትን ቀን በጠመኔ ጻፊ» አለችኝ።

ራሴን ነቀነቅሁ።

በታኅሣሥ ሃያ ገደማ አሠራሩን አሳይታን ሌላ ሥራ ስለነበራት ወደ አዲስ አበባ ተመለሰች። አራት ሳምንት ያህል በስልክ ነበር የምታዘን፤ ጡብ መሥራት የጀመርነውም ጥር ሁለት ቀን ነው። እኔ በየቀኑ ማታ ማታ ጠመኔዬን ይዤ በክምሩ ፊት ላይ ቁጥር እጽፍ ነበር፤ ጥር ሁለት ቀን የተሠራው ላይ 2፣ ጥር ሦስት ቀን የተሠራው ላይ 3። ወሩን አልጻፍኩም። ጥር መሆኑን የማያውቅ ማን አለ ብዬ ነው።

ኢንጂነሯ ጥር ሃያ ቀን ተመለሰች። በክምሮቹ መሀል እየዞረች ቁጥሮቹን ደብተሯ ላይ ገለበጠች። በጣም ተደሰተች፤ «ጎበዝ፣ ጽሑፍሽ ይነበባል» ስትለኝ ፊቴ ጋለ። ከሁለት ቀን በኋላ፣ ጥር ሃያ ሁለት ማለት ነው፣ ፎርማኑን ታደሰን ጠርታ «የሁለት ቁጥሩ ክምር ደርሷል፤ ግድግዳ ጀምሩ» አለችው።

ውሃ የማጠጣበትን ጎማ እንደያዝኩ ቀረሁ። ከሁለት እስከ ሃያ ሁለት ሃያ ነው። ሃያ ስምንት አይደለም። በጣቴ ቆጠርኩ፤ ያው ሃያ ነው። ልነግራት ተጠጋሁ። ከታደሰ ጋር እያወራች ነበርና እስክትጨርስ ጠበቅሁ። ስትጨርስ ስልኳ ጠራ። ስልኩን እያወራች መኪናዋ ውስጥ ገባች።

ከዚያ በኋላ ለራሴ ምክንያት ሰጠሁት። እሷ የተማረች ናት። ሃያ ስምንት ያለችውም እሷ፣ ደርሷል ያለችውም እሷ። ምናልባት ፀሐዩ ስለበረታ ቶሎ ይደርሳል። ስድስተኛ ክፍል ያቆመች ልጅ ለኢንጂነር ሂሳብ ታስተምራለች እንዴ?

ግድግዳው በስምንት ቀን መስኮት ደረሰ። በየቀኑ አየው ነበር። በየቀኑም ነገ እነግራታለሁ እል ነበር።

ጥር ሠላሳ ጠዋት መዛኙ መጡ። ሽበታም፣ ኮፍያ ያደረጉ ሰው ናቸው። ጡብ እየጨፈለቀ ጥንካሬውን የሚለካ መሣሪያ በፒካፕ አስጭነው አምጥተዋል፤ እንደ መኪና ክሪክ በእጅ ይገፋል፣ ላዩ ላይ ሰዓት የሚመስል መለኪያ አለው። በመለኪያው ላይ ቀይ መስመር አለ። መርፌው ቀዩን መስመር ሳያልፍ ጡቡ ከተሰበረ ደረጃውን አላሟላም ማለት ነው።

የዚያን ቀን ፈተና ለእኛ ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ጋሽ ደምሴ የአፈር ጡቡን የተቀበሉት ለሙከራ ነው። ካለፈ ሕንፃው በሙሉ በእሱ ይሠራል፤ እኛ ዘጠኛችን እስከ መጨረሻው ሥራ አለን ማለት ነው። ከወደቀ ብሎኬት ይገዛል። ብሎኬት ተሠርቶ በመኪና ነው የሚመጣው፤ መጭመቂያም እኛም አናስፈልግም።

ኢንጂነር ሄለን ደብተሯን ገልጣ «ዛሬ ሃያ ስምንት ቀን የሞላው የአሥር ቁጥሩ ክምር ነው» አለች። መዛኙ ራሳቸው ሦስት ጡብ መረጡ።

አሥር። ዛሬ ሠላሳ። ሃያ ቀን።

የመጀመሪያው ጡብ ገባ። ረዳታቸው እጀታውን ገፋ፣ ገፋ፤ መርፌው ቀስ እያለ ወጣ፤ ቀዩ መስመር ጋ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ጡቡ ቋ ብሎ ተሰነጠቀ። ሁለተኛውም እዚያው አካባቢ ተሰበረ። በሦስተኛው መርፌው መስመሩን ነክቶ ተመለሰ።

«ለትንሽ ነው እኮ» አለ ታደሰ።

«ለትንሽ ነው» አሉ መዛኙ፤ «ግን ደረጃ ደረጃ ነው። ለትንሽ ነው ብዬ ባሳልፍ ነገ ሌላውም ለትንሽ ነው ይለኛል።»

ጋሽ ደምሴ የተሰበረውን ጡብ በጫማቸው ጫፍ ገፋ አደረጉት። «እንግዲህ ሞከርን» አሉ። «ታደሰ፣ ከነገ ጀምሮ ብሎኬት ይጫን። ሴቶቹን አሰናብታቸው።»

ኢንጂነር ሄለን ደብተሯን ደጋግማ ታያለች። «ሊሆን አይችልም። ድብልቁን ላቦራቶሪ አስፈትሼዋለሁ፤ ማለፍ ነበረበት።»

ታደሰ በዚህ ጊዜ ወደ እኛ ዞረ። ነገሩ በእሱ ላይ እንዳይላከክ ፈርቶ ይመስለኛል። «ድብልቁ ልክ ከሆነ አለካኩ ነዋ። ወርቄ፣ ሳጥኑን ሞልተሽ ነው የምትለኪው?»

«ሞልቼ ነው» አለች እትዬ ወርቄ።

«ታዲያ ሲሚንቶው የት ሄደ?»

«የት ይሄዳል? ወጥ ሠራሁበታ! ለልጆቼም ቋጠርኩላቸው!» አለችና ነጠላዋን ከትከሻዋ ላይ አውርዳ አራገፈች። «ና ፈትሸኝ። በዚህ ዕድሜዬ በሲሚንቶ ሌባ ልባል?»

«ሌባ የሚል ቃል አልወጣኝም።»

«አልወጣህም፤ አፍህ ጫፍ ላይ ግን ቆሟል።»

አንዷ ሴት ማልቀስ ጀመረች። እትዬ ወርቄ አላለቀሰችም፤ ግን ነጠላዋን መልሳ ስትለብስ እጇ ጠርዙን ማግኘት አቃተው። እኔ ይህን አየሁ። ሳጥኑን ጠርዙ ድረስ ሞልታ፣ በእንጨት አስተካክላ እንደምትለካ በየቀኑ አይቻለሁ። ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ ድምፅ አልወጣም። ብናገር ደግሞ የሚከተለውን አውቀዋለሁ፦ ግድግዳው ሲጀመር ታውቂ ነበር ወይ ይሉኛል።

መሣሪያውን ወደ ፒካፑ መመለስ ጀመሩ። እግሬ ራሱ ሄደ። የአሥር ቁጥሩ ክምር ፊት ቆሜ እንደ ተማሪ እጄን አወጣሁ።

መዛኙ አዩኝ። «ያቺ ልጅ የምትለው ያላት ይመስላል።»

«ዱካሌ? እሷ አትናገርም» አለ ታደሰ።

«እጇን ካወጣች ትናገራለች። ምንድን ነው የኔ ልጅ?»

«ሃያ ነው» አልኩ።

«ምኑ?»

«ቀኑ። ሃያ ቀን ነው። ሃያ ስምንት አልሞላውም።»

ኢንጂነር ሄለን ቀረበች። አልተቆጣችም፤ ግራ ገባት እንጂ። «ዱካሌ፣ ራስሽ ነሽ የጻፍሽው። አሥር ቀን ላይ ተሠራ። ዛሬ ሰባት ነው። ሃያ ስምንት ቀን።»

«ዛሬ ሠላሳ ነው» አልኩ።

«ዛሬማ ሠላሳ ነው» አለች እትዬ ወርቄ ከኋላ። «ነገ የካቲት ይገባል። ደግሞ ሰባት ከየት መጣ?»

መዛኙ ኮፍያቸውን አወለቁና «ኢንጂነር፣ ደብተርሽ በየትኛው አቆጣጠር ነው?» አሏት።

ኢንጂነር ሄለን ስልኳን አወጣች። ስልኳም፣ ደብተሯም፣ የሥራ መርሐ ግብሯም በፈረንጅ አቆጣጠር ነበር፤ በዚያ አቆጣጠር ዕለቱ የካቲት ሰባት ነው። አራት ሳምንት አዲስ አበባ ቆይታ ስትመለስ በክምሩ ላይ 10 የሚል አየች፤ ለእሷ የፈረንጆቹ ጥር አሥር ነው። እኔ ግን የጻፍኩት የእኛን ጥር አሥር ነው። በመሀሉ ስምንት ቀን አለ።

ጋሽ ደምሴ አላመኑም። «አሁን ስለተሰበረ ነው ይሄ የመጣው። በእኛ አቆጣጠር ለመሠራቱ ምን ማስረጃ አላችሁ?»

እዚህ ጋ ድምፄ ከየት እንደመጣ አላውቅም። «ክምሩ አጭር ነው» አልኩ። «ሌሎቹ እስከ ደረቴ ናቸው፤ ይሄ ከወገቤ በታች ነው። ከተራ ስለነበር ነው። እትዬ ወርቄ ታቦት ልታጅብ ከሰዓት ሄደች። እጀታውን የሚጎትት አልነበረም፤ ግማሽ ቀን ነው የሠራነው።»

«እውነቷን ነው!» አለች እትዬ ወርቄ። «ታደሰ ራሱ አልለቅም ብሎኝ ተጣልተናል። ታቦቱ አንተን አይጠብቅም አላልኩህም?»

ታደሰ ራሱን አከከ። የሰዓት መቆጣጠሪያ መዝገቡን አመጣ። ጥር አሥር፣ ወርቄ፣ ግማሽ ቀን። በራሱ እጅ ጽፎታል። መዛኙ መዝገቡን አይተው መለሱለትና «ከተራ አሥር ነው፤ በዚህ አንከራከርም» አሉ።

ሁሉም ነገር የተስተካከለ መስሎኝ ነበር። ያኔ ነው ጋሽ ደምሴ ወደ ግድግዳው የዞሩት።

«ይሄስ? በየትኛው ጡብ ነው የተሠራው?»

ኢንጂነር ሄለን መልሱን ከእኔ በፊት አገኘችው። ፊቷ ተለወጠ። ወደ እኔ ቀረብ ብላ ዝግ ባለ ድምፅ «ሁለት ቁጥሩን ያስነሳሁ ዕለት ታውቂ ነበር?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«እርስዎ የሚያውቁ መስሎኝ።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

መዛኙ ውሳኔያቸውን ተናገሩ። ፈተናው ይሰረዛል እንጂ ወደቀ አይባልም። የአሥር ቁጥሩ ክምር የካቲት ስምንት ሃያ ስምንት ቀን ይሞላዋል፤ ያን ዕለት ይመጣሉ፤ ከዚያው ክምር ይጨፈለቃል። እስከዚያ አዲስ ጡብ አይሠራም። ግድግዳው ደግሞ ይፈርሳል፤ ቀኑ ያልሞላ ጡብ ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ውሎ አድሮ ይሰነጠቃል። የክምሩን ላስቲክ በገመድ አስጠፍረው፣ ማንም እንዳይነካው ቋጠሮው ላይ ቀለም ቀቡበትና ሄዱ።

ሰባቱ ሴቶች ወደ ቤት ተላኩ። እኔና እትዬ ወርቄ ግድግዳውን ከግንበኞቹ ጋር እንድናፈርስ ቀረን። አንዷ ስትወጣ «ዱካሌ ስንት ዓመት ዝም ብላ አፏን የከፈተች ቀን በር ዘጋችብን» አለች። ሌሎቹ ሳቁ፤ ግን ሳቁ ጥሩ ሳቅ አልነበረም። እውነቷን ነው፤ ጥር ሃያ ሁለት ቀን ተናግሬ ቢሆን አንድም ጡብ አይነሳም ነበር።

ማፍረሱ ሁለት ቀን ፈጀ። ከመስኮቱ ጥግ ላይ ያለውን ረድፍ ስናነሳ እትዬ ወርቄ ጠራችኝ። ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ከጥጉ ወደ ታች ወርዳለች። በጥፍሯ ተከተለቻት።

«አየሽ ይቺን? እዚህ ጋ አልጋ ይዘረጋ ነበር» አለችኝ። ትንሽ ቆይታም «የሰባቱን ወሬ አትስሚ። እኔን ከሌብነት አውጥተሽኛል» አለች።

ያፈረስነው ጡብ አልተጣለም፤ ተሰባብሮ ለወለል ሙሌት ዋለ። ኢንጂነር ሄለን በእነዚያ ቀናት ሰላም ትለኛለች፣ ከዚያ አትጨምርም። ጋሽ ደምሴ ማስጠንቀቂያ ጽፈውባት እንደነበር የሰማሁት በኋላ ነው።

የካቲት ስምንት ጠዋት ሴቶቹ ሳይጠሩ መጡ። አጥሩ ሥር በአንድ ረድፍ ቆሙ። መዛኙ ቀለም የተቀባውን ቋጠሮ አይተው ራሳቸው ፈቱት፤ ሦስት ጡብ ከሦስት ቦታ መረጡ። ጋሽ ደምሴ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመዋል። ኢንጂነር ሄለን ደብተሯን አልያዘችም።

የመጀመሪያው ቀዩን መስመር አለፈና ተሰበረ። ሁለተኛውም አለፈ። ሦስተኛው ጠርዙ ትንሽ የተሸረፈ ነበር፤ ታደሰ «ይሄን ቀይሩት» ሊል ሲል መዛኙ በእጃቸው አስቆሙት። ረዳቱ ገፋ። መርፌው መስመሩ ጋ ደረሰና የቆመ መሰለኝ። እትዬ ወርቄ በሁለት እጇ ክንዴን ጨምቃ ይዛ «በለው፣ በለው» ትላለች፤ ለጡቡ ይሁን ለረዳቱ አላውቅም። መርፌው አለፈ። ከዚያ ነው ጡቡ የተሰበረው።

እልልታው ከጎረቤት ሰው አስወጣ።

ጋሽ ደምሴ «ቀጥሉ» ብለው ብቻ ወጡ። ኢንጂነር ሄለን ወደ እኔ መጣች። «እኔም አላጣራሁም» አለችኝ። «የደረጃውን ወረቀት ከውጭ ሳመጣ የቀኑን አቆጣጠርም አብሬ አምጥቼው ነበር። አንቺን ከመጠየቄ በፊት ራሴን መጠየቅ ነበረብኝ።» ከዚያ ቀን ጀምሮ በሥራው ላይ ያለ ቀን ሁሉ ከነወሩ በእኛ አቆጣጠር እንዲጻፍ አደረገች። ክምር የደረሰ መሆን አለመሆኑን የምትናገረውም ዱካሌ ናት አለች። «በምልክት አይደለም፤ በአፏ ትናገር» ብላ ለታደሰ ነገረችው።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ብዙዎቻችሁ ከእኔ የበለጠ የተማራችሁ ናችሁ። ስለ አረንጓዴ ሕንፃ የማውቀው በእጄ ያለፈውን ብቻ ነው። የተማርኩት ግን አንድ ነገር አለ፦ ደረጃው የተጻፈው በወረቀት ቢሆንም የሚፈጸመው ውሃ በምታጠጣውና ቀን በምትጽፈው ሰው እጅ ነው። ያቺ ሰው ካልተናገረች ወረቀቱ ትክክል ሆኖ ግድግዳው ይሰነጠቃል። እናንተም በሥራችሁ ላይ ዝም የምትል ልጅ ካለች ጠይቋት። እኔን የመሰላችሁ ደግሞ፣ የሚያውቁ ይመስለኛል ብላችሁ አትተዉት። አያውቁ ይሆናል።

ይህን ስል ሁሌ ደፋር ሆኛለሁ ማለቴ አይደለም። አንድ ቀን ግን፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስንደርስ፣ ጋሽ ደምሴ ሰው ይዘው መጡ። ሕንፃውን ሊያዩ የመጡ እንግዶች ናቸው። ግንበኞቹ ሥራ ፈትተው እንደቆሙ ስላዩ ተናደዱ።

«ለምንድን ነው የማትሠሩት?»

«ጡብ የለም» አለ ታደሰ።

«ያ ሁሉ ክምር ምንድን ነው? አንሡ!»

ታደሰ ወደ እኔ አየ። እንግዶቹም አዩኝ። እንደ ድሮው ቃሉ ሊጠፋኝ ነበር። ጋሽ ደምሴ እስኪጨርሱ ግን አልጠበቅሁም።

«ሁለት ቀን ይቀረዋል» አልኩ። «አይነሳም።»

ጋሽ ደምሴ ትንሽ አዩኝ። ከዚያ ወደ እንግዶቻቸው ዞረው፣

«ሁለት ቀን ይቀረዋል» አሏቸው።